የሕዝብ እንደራሴዎች ሚኒስትሮችን እንዴት ይጠይቃሉ?

ባንድ ወቅት የዜግነት ትምህርት የምናስተምር መምህራን ተመካክረን የ11ኛ ክፍል ተማሪዎቻችንን ለአንድ ክፍለ ጊዜ «ምክር ቤት» አደረግናቸው። አፈ ጉባኤ ተመረጠ፤ ሚኒስትሮች ተሾሙ፤ የቀሩት እንደራሴዎች ሆኑ። ከኋላ ወንበር የተቀመጠች አንዲት ተማሪ ተነሥታ የውኃ ሚኒስትር የተባለውን ልጅ፣ «የትምህርት ቤታችን ቧንቧ ውኃ የሚያገኘው መቼ ነው?» ስትል ጠየቀችው። ልጁም ጉሮሮውን ጠራረገና፣ «ጉዳዩ ትኩረት ተሰጥቶታል፤ ጥናቱ በሂደት ላይ ይገኛል» ሲል መለሰ። ክፍሉ በሣቅ ተናጋ። ልጅቱ ግን «አመሰግናለሁ» ብላ ተቀመጠች።

እኛም አብረን ሥቀን ነበር። ወደ መምህራን ማረፊያ ክፍል ከተመለስን በኋላ ግን ነገሩ ከነከነን። ልጁን እንዲህ ያለ አነጋገር ያስተማረው የለም፤ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን የለቀመው ነው። ልጅቱንም መልስ ሳታገኝ አመስግና እንድትቀመጥ ያዘዛት የለም። እኛ ያስተማርናቸው «ምክር ቤቱ አስፈጻሚውን አካል ይቆጣጠራል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር። በምን አኳኋን እንደሚቆጣጠር፣ አንድ እንደራሴ አንድን ሚኒስትር ሲጠይቅ ምን ምን እንደሚደረግ፣ ጥያቄውስ የሚበረታውና የሚከሽፈው የት ላይ እንደሆነ አላስተማርናቸውም። እውነቱን ለመናገር እኛም ጠንቅቀን አናውቀውም ነበር። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ወዲህ ያነበብነውንና የተወያየንበትን ለሥራ ባልደረቦቻችን ለማካፈል የቀረበ ነው። የውጭ አገሩ ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችን ግን ዓ.ም. እየተባለ በራሳችን አቆጣጠር መጻፉን አንባቢ ልብ እንዲልልን እንጠይቃለን።

በመሠረቱ መጠየቅና መከራከር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በክርክር ጊዜ እንደራሴው የራሱን አሳብ ያሰማል፤ ሚኒስትሩም የራሱን ያሰማል፤ ሁለቱም የፈለጉትን መርጠው ይናገራሉ። በጥያቄ ጊዜ ግን የሚመርጠው ጠያቂው ነው። የአገራችን ሰው ይህን ልዩነት ለማወቅ ፓርላማ እስኪቋቋም አልጠበቀም። ከዛፍ ሥር በሚደረገው የጥንቱ ሙግት ከሳሽ «ተጠየቅ!» ሲል ተከሳሽ «ልጠየቅ!» ብሎ ይቆም ነበር። ልጠየቅ ያለ ሰው ስለ ሌላ ነገር እያወራ ጊዜ ለማሳለፍ ቢሞክር ዳኛውም ዙሪያውን የቆመው ሕዝብም አይለቁትም። እንግዲህ ስለ ፓርላማ ጥያቄ ስናስተምር ከሩቅ ከመጀመር ይልቅ ከዚህ ብንነሣ ተማሪው ነገሩ ባዕድ አይሆንበትም።

በፓርላማ የጥያቄ ሥርዓት ረገድ ብዙ አገሮች የቀዱት ከእንግሊዝ ነው። በጽሑፍ ተመዝግቦ የሚገኘው የመጀመሪያው ጥያቄ በ1721 በመሳፍንቱ ምክር ቤት የቀረበ ነው። በዚያን ጊዜ ሳውዝ ሲ የተባለው ኩባንያ የአክሲዮን ዋጋ ወድቆ ብዙ ሰው ገንዘቡን አጥቶ ነበር። የኩባንያው ዋና ገንዘብ ያዥ ሮበርት ናይት ከአገር ኮብልሎ ብራሰልስ ላይ ተያዘ የሚል ወሬ ስለ ተሰማ፣ ኧርል ካውፐር የተባሉት መኮንን ወሬው እውነት መሆን አለመሆኑን መንግሥቱን ይመሩ የነበሩትን ኧርል ሰንደርላንድን ጠየቁ። ስለ ሕዝብ ገንዘብ የቀረበ፣ አጭር፣ «አዎን» ወይም «አይደለም» ሊባል የሚችል ጥያቄ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሦስት መቶ ዓመት አልፏል፤ ከዚህ የተሻለ የጥያቄ አርአያ ግን ብዙ አላገኘንም።

ዛሬ በሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤታቸው ከሰኞ እስከ ሐሙስ በየቀኑ አንድ ሰዓት ያህል ለቃል ጥያቄ ይመደባል። እያንዳንዱ ሚኒስቴር በአምስት ሳምንት ገደማ አንድ ጊዜ ተራ ይደርሰዋል። መጠየቅ የሚሻ እንደራሴ ጥያቄውን ከሦስት የሥራ ቀን አስቀድሞ ለጽሕፈት ቤቱ ያስገባል፤ ከገቡት መካከል የትኛው ቀድሞ እንደሚጠየቅ በዕጣ ይወሰናል። ጥያቄው ሚኒስትሩ ኃላፊ በሆነበት ጉዳይ ላይ መሆን አለበት። መረጃ ወይም እርምጃ የሚጠይቅ እንጂ በጥያቄ መልክ የቀረበ ንግግር እንዲሆን አይፈቀድም። በፍርድ ቤት የተያዘ ነገር አይነካም። ጥያቄውና መልሱ ሃንሳርድ በሚባለው ቃለ ጉባኤ ላይ ቃል በቃል ይታተማል።

እዚህ ላይ አንድ ጠንቃቃ ተማሪ፣ «ሚኒስትሩ ጥያቄውን ከሦስት ቀን በፊት ካወቀው ምኑን ተጠየቀ?» ሊለን ይችላል። እኛም መጀመሪያ ያልነው ይህንኑ ነው። ነገሩ የሚገለጠው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ሚኒስትሩ የተዘጋጀውን መልስ አንብቦ ሲቀመጥ አፈ ጉባኤው ያንኑ ጠያቂ እንደ ገና ያስነሣዋል። አሁን የሚቀርበው ተከታይ ጥያቄ ይባላል። ተከታዩን ጥያቄ ሚኒስትሩ አስቀድሞ አያውቀውም። ከዚያም ሌሎች እንደራሴዎች፣ የተቃዋሚው ወገን ቃል አቀባይም ጭምር፣ እየተነሡ ያከሉበታል። ሁሉም ሲሠራ የሚሰነብተው ለዚህ ነው። የሚኒስቴሩ ሠራተኞች «ይህን ቢመልሱ ያንን ይጠይቋቸዋል፤ ያንን ቢሉ ደግሞ ይህ ይመጣል» እያሉ ለሚኒስትሩ ወፍራም ማኅደር ያዘጋጃሉ። በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ተረስቶ የኖረ ጉዳይም ጥያቄ የመጣበት ዕለት ከመደርደሪያ ይወርዳል፤ አንዳንዱ ችግር ገና ሳይጠየቅ የሚፈታው በዚህ ምክንያት ነው።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ በሚጠየቁበት ጊዜ ይህ ነገር እጅግ ጎልቶ ይታያል። ከ1961 ጀምሮ ማክሰኞና ሐሙስ ሩብ ሩብ ሰዓት ተወስኖላቸው ነበር፤ በ1997 ቶኒ ብሌር ሁለቱን አዋሕደው ረቡዕ ግማሽ ሰዓት አደረጉት። በዚያ ሰዓት በወረቀት የሚሰፍረው የመጀመሪያ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ «ጠቅላይ ሚኒስትሩ የዕለት ሥራቸውን ይዘረዝሩልን» የሚል ነው። ማንም የዕለት ሥራቸውን ለማወቅ ጓጉቶ አይደለም። ለሁለተኛው ጥያቄ በር መክፈቻ ነው። የረቡዑ ሰዓት በጩኸትና በፌዝ የተሞላ ስለሆነ በቴሌቪዥን የሚያየው ሰው ፓርላማ ማለት ይህ ብቻ ይመስለዋል። በእኛ አስተያየት ግን ከዚያ ጫጫታ ይልቅ ብዙ ፍሬ ያለው በየዓመቱ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠረው የጽሑፍ ጥያቄ ነው። «ባለፉት አምስት ዓመታት በእገሌ አውራጃ ስንት ነርሶች ሥራ ለቀቁ?» የሚል ጥያቄ ጭብጨባ አያመጣም፤ መልሱ ቁጥር ይዞ ሲታተም ግን ጋዜጠኛውም ተመራማሪውም መምህሩም ይጠቀሙበታል።

መጠየቅ ብቻውን እውነትን ያስገኛል ማለታችን አይደለም። በግንቦት 1982 በፎክላንድ ጦርነት ጄኔራል ቤልግራኖ የተባለችው የአርጀንቲና መርከብ በእንግሊዝ ሰርጓጅ መርከብ ተመትታ 323 ሰዎች ሞቱ። የመከላከያ ሚኒስትሩ ለምክር ቤቱ የሰጡት ቃል መርከቢቱ ወደ እንግሊዝ ጦር እየቀረበች ነበር የሚል ነው። ታም ዳልዬል የተባሉ እንደራሴ ግን በዚህ አልረኩም። መርከቢቱ ስትመታ ወዴት ነበር የምትሄደው? ፊቷን ያዞረችው በስንት ሰዓት ነው? ትእዛዙን የሰጠው ማን ነው? እያሉ ወራት ተቆጥረው ዓመት እስኪያልፍ ድረስ ጠየቁ። ብዙዎች ሰለቿቸው፤ የራሳቸው ፓርቲ ሰዎች እንኳ ነገሩን ተዉት የሚሏቸው ጥቂቶች አልነበሩም። በመጨረሻ ለጥያቄዎቹ መልስ ከሚያዘጋጁት ከፍተኛ ሠራተኞች አንዱ የነበሩት ክላይቭ ፖንቲንግ፣ ምክር ቤቱ እየተታለለ ነው ብለው በ1984 ሰነዶችን በፖስታ ላኩላቸው። መርከቢቱ ከመመታቷ ብዙ ሰዓት አስቀድሞ ፊቷን አዙራ ትርቅ እንደ ነበር ታወቀ። ፖንቲንግ ምሥጢር አወጡ ተብለው ተከሰሱ፤ በየካቲት 1985 የዳኝነቱ ሸንጎ አባሎች ነጻ ለቀቋቸው። መርከቢቱን መምታት ተገቢ ነበር፣ አልነበረም የሚለው ክርክር ዛሬም አልተዘጋም። እኛን የሚመለከተን ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ የተሰጠው መልስ ከነቀኑ በቃለ ጉባኤ ላይ ስለ ሰፈረ፣ ተከታዩ ጥያቄ የሚቆምበት መሬት አግኝቶ ነበር።

በ1996 የታተመው የዳኛው የስኮት ምርመራም መንግሥት ለኢራቅ ስለሚሸጥ የጦር መሣሪያ ነክ ዕቃ የነበረውን መመሪያ ለውጦ ሳለ ለእንደራሴዎች ጥያቄ የተሰጡት መልሶች ይህን አውቀው እንዳልገለጡ አረጋገጠ። በዚህ ምክንያት ምክር ቤቱ በመጋቢት 1997 ባሳለፈው ውሳኔ እያወቀ የሚያሳስት ሚኒስትር ሥራውን ለመልቀቅ ጥያቄ ማቅረብ እንደሚገባው ደነገገ። በአየርላንድም ስለ ሥጋ ንግድ የተደረገውንና በ1994 የተጠቃለለውን ምርመራ የመሩት ዳኛ ሊያም ሃሚልተን ነገሩን በአንድ አነጋገር ጠቅልለውታል። ይኸውም በፓርላማው የቀረቡት ጥያቄዎች በምርመራው ፊት እንደ ተመለሱት ተመልሰው ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ጊዜና ገንዘብ የፈሰሰበት ምርመራ ባላስፈለገ ነበር የሚል ነው።

አሁን ወደ ጎረቤታችን ወደ ኬንያ እንለፍ። ይህን አገር የመረጥነው ቅርብ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የጥያቄ ሰዓት ምን እንደሆነ ከሚያስረዱን ሁኔታዎች ሁሉ የሚበልጠው፣ ኬንያውያን ነበራቸው፣ አጡት፣ መልሰውም ፈለጉት።

ኬንያ በ1963 ነጻ ስትወጣ የእንግሊዝን የምክር ቤት ደንብ ይዛ ቀጠለች። ሚኒስትሮቹ የምክር ቤቱ አባሎች ስለ ነበሩ ከጠያቂዎቻቸው ጋር በአንድ አዳራሽ ይቀመጡ ነበር። ጥያቄው በተራ ቁጥሩ ይጠራል፤ ሚኒስትሩ ወይም ረዳቱ ተነሥቶ «ክቡር አፈ ጉባኤ፣ ለመመለስ እለምናለሁ» ይልና መልሱን ያነባል፤ ከዚያ ተከታዩ ይመጣል። የዚያን ዘመን ቃለ ጉባኤ ለሚያገላብጥ ሰው ደስ የሚለው የጥያቄዎቹ ትንሽነት ነው። የእገሌ መንገድ ድልድይ ለምን ተሰበረ? በእገሌ ትምህርት ቤት መምህር ለምን ጎደለ? ጡረታ የወጣው አንድ መምህር የሥራ መለያ ቁጥሩ ይህ ነው፤ አበሉ እስካሁን ያልተከፈለው ለምንድን ነው? እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብ ሚኒስትሩ የዚያን አንድ ሰው ፋይል አስፈልጎ ማምጣት ነበረበት። ሠላሳ ዓመት ኖራ ይዞ ያስተማረ ሰው በስም ተጠርቶ በአገሪቱ ምክር ቤት ፊት መልስ ሲሰጥበት ማየት፣ ለእኛ ለመምህራን ቀላል ነገር አይደለም።

ይህ ማለት ግን ዘመኑ የነጻነት ዘመን ነበር ማለት አይደለም። በመጋቢት 1975 ታዋቂው እንደራሴ ጄ. ኤም. ካሪዩኪ ሲጠፉ መንግሥት ለምክር ቤቱ የሰጠው ቃል ሰውየው ዛምቢያ ናቸው የሚል ነበር፤ ካሪዩኪ ግን ተገድለው ሬሳቸው በንጎንግ ኮረብቶች ተገኘ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ማርቲን ሺኩኩ የተባሉት እንደራሴ፣ ገዥው ፓርቲ ካኑ እንደ ተገደለ ሁሉ ምክር ቤቱንም ሊገድሉት የሚሞክሩ አሉ ብለው ተናገሩ። የመንግሥት ወገኖች ማስረጃ ያቅርብ ብለው ሲጮኹ፣ ስብሰባውን ይመሩ የነበሩት ምክትል አፈ ጉባኤ ዣን ማሪ ሴሮኒ ግልጽ ለሆነ ነገር ማስረጃ አያሻውም አሉ። ሁለቱም ከምክር ቤቱ ግቢ ተይዘው ያለ ፍርድ ታሰሩ፤ የተፈቱት በታኅሣሥ 1978 ነው። ጠያቂው ከአዳራሹ ሲወጣ ምን ይጠብቀዋል የሚለው ነገር የጥያቄውን መጠን እንደሚወስን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አናቀርብም።

በ2004 የተደረገው ግን ሌላ መልክ አለው። መንግሥት አዲስ የፓስፖርት ማተሚያ ሥርዓት ለመግዛት ተነሥቶ ነበር። አንድ የፈረንሳይ ድርጅት በ6 ሚሊዮን ዩሮ ሊሠራው የቀረበበት ሥራ፣ አንግሎ ሊዚንግ ለተባለ ድርጅት በ30 ሚሊዮን ዩሮ ተሰጠ፤ አንግሎ ሊዚንግም ሥራውን መልሶ ለዚያው ለፈረንሳዩ ሊያሠራ ነበር። በሚያዝያ ወር ማኦካ ማኦሬ የተባሉት እንደራሴ ሰነዶቹን በምክር ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አኖሩ። የተባለው ድርጅት ቢሮው የት ነው? ባለቤቱ ማን ነው? ለዚህ የሚረባ መልስ ጠፋ። ብዙም ሳይቆይ አስቀድሞ የተከፈለው፣ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ዩሮ፣ ማን እንደ መለሰው በውል ሳይታወቅ ወደ ግምጃ ቤቱ ተመልሶ ገባ! ገንዘብ በራሱ እግር ሲመለስ ስንሰማ ይህ የመጀመሪያችን ነው። የገንዘብ ሚኒስትሩ በ2006 መጀመሪያ ሥራቸውን ለቀቁ። ጥፋተኞቹ ሁሉ ተቀጡ ማለት አይደለም፤ የፍርድ ቤቱ ጉዳይ ዓመታት ፈጅቷል። ነገሩ ከጓዳ ወደ አደባባይ የወጣው ግን በዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚያስገርመው ነገር መጣ። በ2010 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ሥልጣንን ለመለያየት ሲል ሚኒስትሮች የምክር ቤት አባል እንዳይሆኑ ከለከለ። አሳቡ ደግ ነበር፤ ፕሬዚዳንቱ ለእንደራሴዎች ሹመት እያደለ አፋቸውን እንዳይዝ ለማድረግ ነው። ሕገ መንግሥቱ ሚኒስትሮች በኮሚቴ ሲጠሩ ቀርበው እንዲመልሱ ያስገድዳል። ከ2013 ምርጫ በኋላ ግን ሚኒስትሮቹ ከአዳራሹ ስለ ወጡ የጥያቄ ሰዓቱም አብሮ ወጣ። በምትኩ እንደራሴው ጥያቄውን ለሚመለከተው ኮሚቴ ሰብሳቢ ያቀርባል፤ ሰብሳቢው ለሚኒስትሩ ይጽፋል፤ ሚኒስትሩ በጽሑፍ ይመልሳል፤ ሰብሳቢው ለምክር ቤቱ ያነባል። መልሱ ከተነበበ በኋላ እንደራሴው «ታዲያ ይህ ከሆነ...» ብሎ ሲነሣ ሰብሳቢው ምን ይበል? ሚኒስቴሩ የእርሱ አይደለም፤ የተሰጠውን ወረቀት ነው ያነበበው። እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ በሕይወት ሲኖር ሁለተኛው ሞተ። ኮሚቴ ሰብሳቢዎቹም በግልጽ ፖስተኛ ሆኑ።

የኬንያ እንደራሴዎች ይህን ለማቃናት ደንባቸውን ደጋግመው አሻሻሉ፤ ጥያቄዎች በኮሚቴ ፊት በቃል እንዲመለሱ የተደረገበትም ጊዜ ነበር። በመጨረሻ በታኅሣሥ 2022 ፕሬዚዳንት ዊልያም ሩቶ ሚኒስትሮች በአዳራሹ ቀርበው የሚጠየቁበት መንገድ እንዲፈለግ ለምክር ቤቶቹ ጻፉ። ደንቡ ተሻሽሎ ከ2023 ጀምሮ ሚኒስትሮች አባል ሳይሆኑ እየቀረቡ ተጠየቁ፤ በብሔራዊው ሸንጎ ቀኑ ረቡዕ ነበር። ይህ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ የለም፣ ሕዝቡ የሚፈልገው ይህን ነው የሚሉም አሉ። እኛ የመጨረሻውን ፍርድ ለሕግ ሊቃውንቱ ትተን፣ አሥር ዓመት ያጡትን ነገር ዋጋ ያወቁት ካጡት በኋላ መሆኑን ብቻ እንመዘግባለን።

ታንዛንያም ሚኒስትሮቿ ከእንደራሴዎቹ ጋር ተቀምጠው የሚጠየቁባት አገር ናት። ለዋናው ጥያቄ ተከታይ ጥያቄ ማከል በደንብ የታወቀ ነው። እዚያ ጥያቄ ወደ ምርመራ ሲያድግ የታየው ስለ ሪችመንድ የኤሌክትሪክ ኮንትራት ነው። ምክር ቤቱ ያቋቋመው ኮሚቴ በየካቲት 2008 ሪፖርቱን ሲያቀርብ ጠቅላይ ሚኒስትር ኤድዋርድ ሎዋሳ ሥራቸውን ለቀቁ።

ወደ አገራችን ስንመለስ በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት ሚኒስትሮች በሕግ መወሰኛም ሆነ በሕግ መምሪያ ምክር ቤት ተገኝተው እንዲናገሩ መብት ሰጥቶ ነበር። ምክር ቤቱ በድምፅ ብልጫ ከጠየቃቸው ደግሞ በራሳቸው ወይም በወኪላቸው ቀርበው በቃል ወይም በጽሑፍ እንዲመልሱ ግዴታ ጥሎባቸው ነበር። መልካም ነው። ነገር ግን ሁለት ጠባብ በሮች ነበሩበት። አንደኛ፣ አንድ እንደራሴ ብቻውን መጠየቅ አይችልም፤ የብዙኃኑን ድምፅ ማግኘት አለበት። ሁለተኛ፣ ግዴታው ሊወጣ ስለ ታሰበው ሕግ እንጂ ስለ ዕለት ተዕለት አስተዳደሩ አልነበረም። ሚኒስትሮቹም ተጠሪነታቸው ለንጉሠ ነገሥቱ ነበር።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ከዚህ እጅግ የሰፋ ነው። በአንቀጽ 55 ንኡስ አንቀጽ 17 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣኖችን ለጥያቄ ለመጥራትና የአስፈጻሚውን አሠራር ለመመርመር ይችላል። በንኡስ አንቀጽ 18 ደግሞ ከአባሎቹ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ ለአስፈጻሚው በተሰጠ በማንኛውም ሥልጣን ላይ መወያየትና አስፈላጊውን እርምጃ መውሰድ አለ። ሚኒስትሮቹ ከምክር ቤቱ አባሎችም ከውጭም ሊሾሙ ይችላሉ። ስለዚህ ኬንያን ያስቸገራት የአባልነት ጥያቄ በእኛ ዘንድ መሰናክል አይደለም፤ አባል ያልሆነም ቢሆን ይጠራል።

ታዲያ ያ ልጅ «በሂደት ላይ ይገኛል» ማለትን ከየት ለመደው? ጠቅላይ ሚኒስትሩ በምክር ቤቱ ቀርበው የሚመልሱበትን ስብሰባ በቴሌቪዥን ያልተከታተለ መምህር ያለ አይመስለንም። የተለመደው አካሄድ እንደሚከተለው ነው። አባሎቹ በየተራ እየተነሡ ጥያቄዎቻቸውን ያነባሉ፤ አንዳንዱ አባል ሦስት አራት ጉዳይ በአንድ ላይ ያነሣል፤ ጥያቄዎቹ ሁሉ ተሰብስበው ካለቁ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለሁሉም በአንድነት ሰፊ ማብራሪያ ይሰጣሉ። የሰላሙ፣ የኑሮ ውድነቱ፣ የማዳበሪያው፣ የመንገዱ ነገር በአንድ ንግግር ውስጥ ይጠቀለላል። ይህ አሠራር ጥቅም የለውም አንልም፤ ሕዝቡ የመንግሥቱን አስተያየት ከነምክንያቱ በሰፊው ይሰማል። ሆኖም ስለ ማዳበሪያ የጠየቀው አባል መልሱ ባያረካው ወዲያው ተነሥቶ «የተባለው ኩንታል ወረዳው የደረሰው በስንት ቀኑ ነው?» የሚልበት ቦታ አይገኝም። መላሹ ከብዙ ጥያቄ መካከል የሚወደውን አስረዝሞ የማይወደውን ማሳጠር ይችላል፤ ይህን የሚያደርግ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ማናችንም ብንሆን ሃያ ጥያቄ በአንድ ጊዜ ብንሸከም ይህንኑ እናደርጋለን። በፈተና ወረቀት ላይ «ከሚከተሉት መርጠህ መልስ» ስንላቸው ተማሪዎቻችን የሚያደርጉት ምን እንደሆነ እናውቃለን።

ሌላው ምክንያት የወንበሩ ድልድል ነው። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ከ547 ወንበሮች ከገዥው ግንባርና ከአጋሮቹ ውጭ የተያዙት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ በ2007 ዓ.ም. ምርጫ አንድም አልነበረም። የራሱን ፓርቲ መሪ የሚጠይቅ አባል ሁልጊዜ አይደፍርም ማለት ባይቻልም፣ የገዛ ጓዳን መፈተሽ ከባድ መሆኑን ማንም ያውቃል። ለዚህም ነው በእንግሊዝ እንኳ ከገዥው ፓርቲ ወንበሮች የሚመጡት ጥያቄዎች አንዳንድ ጊዜ ለምስጋና የተሰፉ የሚመስሉት።

በእኛ ግምት በአገራችን ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጥ የሚገኘው በቋሚ ኮሚቴዎች ዘንድ ነው። በተለይ የመንግሥትን ወጪ የሚከታተለው ኮሚቴ የፌዴራል ዋና ኦዲተርን ሪፖርት ይዞ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችን በይፋ ስብሰባ ሲጠራ የሚደረገውን መመልከት ይጠቅማል። እዚያ ጠያቂው በእጁ ቁጥር አለ። ኃላፊው «ተስተካክሏል» ሲል «በየትኛው ደብዳቤ? በስንት ቀን?» የሚል ይከተለዋል፤ ኦዲተሩም እዚያው ተቀምጧል። እነዚህ ስብሰባዎች ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ንግግር ያነሰ ተመልካች አላቸው። ለክፍል ትምህርት ግን ከዚህ የተሻለ ማሳያ አናውቅም።

ይህን ሁሉ ካነበብን በኋላ የክፍሉን «ምክር ቤት» እንደ ገና አቋቋምነው፤ ደንቡን ግን ለወጥነው። ጥያቄው ከሦስት ቀን በፊት በጽሑፍ ይገባል። አንድ ጥያቄ አንድ ጉዳይ ብቻ ይይዛል። «ለምን ችላ ይባላል?» ዓይነት ውንጀላ ከሆነ አፈ ጉባኤዋ ትመልሰዋለች። ሚኒስትሩ በእነዚያ ሦስት ቀኖች ጉዳዩን ከሚያውቅ ሰው ዘንድ ሄዶ መጠየቅ አለበት፤ ከመጽሐፍ መገልበጥ አይበቃም። መልሱ ከተሰጠ በኋላ ጠያቂው አንድ፣ ሌላ ማንኛውም እንደራሴ አንድ ተከታይ ጥያቄ ያቀርባል። ጸሓፊው የተባለውን ቃል በቃል በደብተር ያሰፍራል። ይህ የመጨረሻው ነገር መጀመሪያ ላይ ለተማሪዎቹ ከሁሉ የማይረባ መስሏቸው ነበር፤ ጸሓፊ ለመሆን የፈቀደም አልተገኘም፤ በዕጣ ነው የመደብነው።

ያች ከኋላ ወንበር የተቀመጠችው ተማሪ ጥያቄዋን ራሷ እንደ ገና ጻፈችው። «ከ9ኛ ክፍል ሕንፃ ጀርባ ያለው ቧንቧ ውኃ ካቆመ ስንት ቀን ሆነው? የተበላሸው ምኑ ነው?» የሚል ነበር። ሚኒስትሩ ልጅ በዚህ ጊዜ የግቢውን ጥገና ሠራተኛ አነጋግሮ ነበርና ካቆመ 47 ቀን እንደሆነውና የተሰበረው መክፈቻው መሆኑን ተናገረ። ልጅቱ ተነሣች። «መክፈቻው ዋጋው ስንት ነው? እንዲገዛስ ማን ነው የሚፈርመው?» አለች። ልጁ ዝም አለ። ከመካከል ረድፍ አንዱ እጁን አውጥቶ፣ «ክቡር ሚኒስትር ይህን መቼ አጣርተው ይነግሩናል?» ሲል ጨመረበት። «እስከ መጪው ሳምንት ረቡዕ» አለ ልጁ፣ ላቡን እየጠረገ። የሣቀ አልነበረም። ጸሓፊው «ረቡዕ» የሚለውን ጽፎ ከሥሩ አሰመረበት። ረቡዕ ዕለት ወደ ክፍል ስንገባ ደብተሩ በመምህሩ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ጠበቀን።